ስልኩ ካሴት መስሎ ሲገባ

የአጎቴ ኮሮላ ዲኤክስ ክሩስኮቷ ላይ አሮጌ የካሴት ቴፕ አላት። የቁልፎቹ ጽሑፍ በጣት ብዛት ጠፍቷል፤ ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ወፈር ያለና ጥርት ያለ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ «እስቲ ከዚያ ስልክህ ጥላሁንን አሰማን» አለኝ። ስልኬ ውስጥ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች ሞልተዋል፤ መኪናዋም ደህና ስፒከር አላት። ሁለቱን የሚያገናኝ ግን አልነበረም። ቴፑ የገመድ መሰኪያም ብሉቱዝም የለውም፤ ስልኬ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከቀረባቸው ከአዳዲሶቹ ወገን ነው። ስልኩን ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ከተትነውና ድምፁ እንደ ንብ እየነዘረ ሰንዳፋ ደረስን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳጣራ ሰነበትኩ። የመኪና ቴፕ አረጀ ሲባል ያረጀው መግቢያው እንጂ ሆዱ አይደለም። ማጉያው ዛሬም ደካማውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ተቀብሎ ያበረታል፤ ስፒከሩም ሞገዱን ተከትሎ ወረቀቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ አየሩን ያንቀሳቅሳል። ይህ ሥራ በ40 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። ስለዚህ አዲሱ ስልክ ቴፑ ከዱሮ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር መስሎ መግባት አለበት።

ካሴት መስሎ የሚገባበት መንገድ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደንቀኛል። እውነተኛ ካሴት ሲጫወት ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ድምፁን በሚያነበው የቴፑ ሄድ ፊት ያልፋል። ክሩ ላይ የተለጠፈው ብናኝ እንደ ዘፈኑ ጠንከር ላላ እያለ ማግኔት እንዲሆን ተደርጓል። ይህ የሚለዋወጥ ማግኔት ሄዱ ውስጥ ባለው ጥቅል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 በሙከራ ያሳየው ነገር ነው። ሄዱ የሚሰማው የማግኔቱን መለዋወጥ ብቻ ነው። ከክር ይምጣ ከሌላ ነገር ይምጣ አይለይም።

የካሴት አዳፕተር የሚሠራው በዚህ ነው። አንድ የተበላሸ አዳፕተር ብሎኖቹን ፈትቼ ከፍቼ አይቻለሁ። ክር የሚባል የለውም። ከቴፑ ሄድ ጋር ፊት ለፊት የሚገጥም ሌላ ትንሽ ሄድ፣ ከእሱ የሚወጣ ቀጭን ገመድ፣ ከዚያ ጥርስ ያላቸው ጥቂት የፕላስቲክ ጎማዎች፣ በቃ። ስልኩ በገመዱ የላከው ሞገድ በትንሹ ሄድ ላይ ማግኔት ይሆናል፤ የቴፑ ሄድ ደግሞ ከክር የመጣ መስሎት መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ጎማዎቹ ከሙዚቃው ጋር ግንኙነት የላቸውም። ብዙ ቴፖች የካሴቱ ጎማ መሽከርከር ሲያቆም ክሩ ያለቀ መስሏቸው ይቆማሉ፣ ወይም ጎኑን ይቀይራሉ፤ የፕላስቲክ ጎማዎቹ ያንን ለመከላከል ነው የሚዞሩት። ዘፈኑ ዝግ ሲል የሚሰማው ቀጭን ቀጭታም የእነሱ ነው። ቴፑ ላይ ዶልቢ የሚል ቁልፍ ካለ ይጥፋ፤ ዶልቢ የካሴት ሹክሹክታን ለማጥፋት የተሠራ ስለሆነ ከስልክ የመጣውን ንጹሕ ድምፅ ቀጫጭኑን እየነጠቀ ያደበዝዘዋል።

ያ ቀጭን ገመድ ግን ጫፉ የዱሮው 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ሲያወጣ ያን ቀዳዳ አስቀረ፤ ሌሎችም እየተከተሉ አስቀሩ። ከቻርጀር ቀዳዳ ወደ ጃክ የሚቀይረውን አጭር ገመድ ስትገዙ የሚያጋጥም አንድ ጣጣ አለ። በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የዩኤስቢ ሲ ገመዶች ይሸጣሉ። አንደኛው ሽቦ ብቻ ነው፤ ስልኩ ራሱ የተዘጋጀ ድምፅ እንዲያወጣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ጫፉ ውስጥ ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ አለው። ዘፈን ስልክ ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር ነው፤ ብዙ አዳዲስ ስልኮችም በዚህ ቀዳዳ የሚያወጡት ቁጥሩን እንጂ ሞገዱን አይደለም። ለእነዚህ ባለ ቺፑ ካልሆነ ድምፅ የለም። በጓደኛ ስልክ የሠራው ገመድ በእኔ ስልክ ዝም ያለኝ በዚህ ምክንያት ነበር። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ በራሳችሁ ስልክ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

የራዲዮ ጣቢያ መስሎ መግባትም አለ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ዘፈኑን ከስልኩ በብሉቱዝ ይቀበልና በትንሽ የራዲዮ ሞገድ ይረጨዋል፤ የመኪናው ራዲዮ እንደ አንድ ጣቢያ ይይዘዋል። ኃይሉ እጅግ ኢምንት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የፈቀደችው 50 ናኖ ዋት ብቻ ነው፤ አንድ ዋት የሚበላ የእጅ ባትሪ ከዚህ 20 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። የኤፍ ኤም መቀበያ ደግሞ በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ድምፅ ሲመጣበት አይቀላቅልም፤ የበረታውን ይይዝና ደካማውን ይጥላል። ስለዚህ ትራንስሚተሩ ጣቢያ ባለበት ቁጥር ላይ ከዋለ በዘፈኑ መሀል ዜና ይገባል። ጣቢያ በበዛበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ባዶ ቦታ መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የእህቴ ቪትዝ ላይ ግን ሌላ ነገር ገጠመን። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ነው። ጃፓን ውስጥ ለረጅም ዘመን ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነበር፤ ከ90 በላይ ያለውን የቴሌቪዥን ቻናሎች ይዘውት ነበርና። እኛ ጋ ሸገር 102.1 ነው፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ነው፤ የጃፓኑ ራዲዮ እዚያ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ቴፕ ሠሪዎቹ በአንቴናውና በራዲዮው መሀል አንዲት ትንሽ ሳጥን ይቀጥላሉ። ሳጥኗ ከአንቴናው በመጣው ሞገድ ላይ የራሷን ሞገድ እየደባለቀች ቁጥሩን ዝቅ ታደርገዋለች። 20 የምትቀንስ ከሆነች 102.1 ራዲዮው ላይ 82.1 ሆኖ ይወጣል። ትራንስሚተሩን 107.9 ላይ አድርገን ራዲዮው ላይ ምንም ሳናገኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ደከምን። ሳጥኗ ትዝ ስትለኝ ወደ 87.9 አዞርኩት፤ ዘፈኑ እዚያ ነበር። ሳጥኗ የሌለችበት ቪትዝ ከሆነ ደግሞ ትራንስሚተሩና ራዲዮው የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ብሉቱዝ ያላቸው ቀደም ያሉ መኪኖችም ሰውን ያደናግራሉ። ስልኩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ጥሪ በስፒከሩ ይሰማል፣ ሙዚቃ ግን የለም። ዕቃው አልተበላሸም። ብሉቱዝ ውስጥ የስልክ ወሬና ሙዚቃ የሚሄዱበት ደንብ የተለያየ ነው፤ መኪናው የወሬውን ብቻ ይዞ ተሠርቶ ከሆነ ሙዚቃውን አይቀበልም። የወሬው መንገድ በመጀመሪያ መልኩ ድምፅን በሰከንድ 8000 ጊዜ ብቻ ይለካ ስለነበር ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለውን ሊያስተላልፍ አይችልም፤ ለሰው ንግግር ይበቃል፣ ለማሲንቆ ግን የክሩን ጭረት ይወስድበታል። ዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸውም ብዙዎቹ የሚያውቁት ፍላሽ ነው። አዲስ ስልክ ሲሰካባቸው ቻርጅ ያደርጋሉ እንጂ ዘፈኑን አያዩም፤ ዘፈኖቹን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ከሁሉም ይቀላል።

የመጨረሻው ችግር ጩኸት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ያሪስ የገመድ መሰኪያ አላት፤ ስልኩን በገመድ አገናኝቶ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ቻርጅ ሲያደርግ ግን ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ቀጭን ሲርታ አብሮ ይወጣል። ሲርታው የዲናሞው ነው። ቻርጀሩም ቴፑም ማሳቸውን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ፣ ከመኪናው አካል ያገኛሉ፤ ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። በቆርቆሮው የሚያልፈው የዲናሞ ኤሌክትሪክ በሁለቱ ቦታዎች መሀል ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጥራል፤ ልዩነቱም በድምፁ ገመድ በኩል ወደ ማጉያው ይገባል። ቻርጀሩ ሲነቀል ጩኸቱ ይጠፋል። ስልኩም ይሞላ ዘፈኑም ይሰማ ከተባለ ገመዱ መሀል የምትገባ አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር ታስፈልጋለች። ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይቀመጡባታል፤ ዘፈኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በማግኔት ይሻገራል፣ የማሳው መንገድ ግን ይቋረጣል።

ለአጎቴ የካሴት አዳፕተርና የቻርጀር መሰኪያም ያለው ባለ ቺፕ ገመድ ገዝቼ ስሄድ ይቺንም ትራንስፎርመር ይዤ ነበር። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተን ጥላሁንን ከፈትነው። አጎቴ ነዳጅ እየረገጠ እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ካለው ስፒከር አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ሲርታ የለም። ደግሞ ረገጠ፤ አሁንም የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ የካሴት አዳፕተሩ ሄድና የቴፑ ሄድ እርስ በርሳቸው በሽቦ አልተያያዙም፣ በመሀላቸው የሚሻገረው ማግኔት ብቻ ነው። ትራንስፎርመሯን ከነማሸጊያዋ ለባልደረባዬ ወሰድኩለት።