ሽለላ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቅኔ በራፕ

ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ የዋግ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪዋ ከፊቷ ለቆመው ሰው እዚያው ግጥም ታወጣለታለች፤ ተቀባዮቹ ጭብጨባውን አይስቱም። ይህን እያየ ያደገ የፃግብጂ ልጅ ሰቆጣ ወጥቶ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ራፕ ሲያስጭን እንግዳ ነገር አይገጥመውም። የማይቋረጥ ምት አለ፣ ቤት የሚመታ ቃል አለ፣ ከፊት የሚመራ አንድ አፍ አለ።

ስለ ራፕና ስለ ሮክ ሲወራ ግን ሁለቱም ከውጭ የመጡ ልብሶች ናቸው፣ ለእኛ አይሆኑም የሚል ሰው አይጠፋም። ባለፉት ሃያ ዓመታት የወጡትን አልበሞች ደጋግሞ የሰማ ሰው ይህን አይቀበልም። ከእነዚህ አልበሞች ዛሬም የሚደመጡት ሽለላውን፣ ፉከራውንና ቅኝቱን ይዘው የገቡት ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት የሚነሳው «ሞአ አንበሳ» ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ተወልዶ፣ በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ገባ፤ ኋላም የጦር ሜዳውን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ተጫወተው። ከሆላንድ ደግሞ ዘ ኤክስ የሚባል በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ባንድ አለ። ትልልቅ አሳታሚዎችን ሳይጠብቅ በራሱ መንገድ የሚሠራ፣ ኢንዲ የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ቡድን ነው። ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘው፤ በ2006 አልበሙ ወጣ።

አልበሙን ትልቅ ያደረገው የጊታሮቹ ትዕግሥት ነው። አንዲትን ሐረግ ይዘው፣ እንደ ከበሮ መቺ ሳይሰለቹ፣ እየደጋገሙ ይቀጠቅጣሉ። ሽማግሌው በላዩ ላይ ይፎክራል። ሊያሳምሩት አልሞከሩም፣ ሊያለሰልሱትም አልሞከሩም፤ ፉከራ ለስላሳ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የሚል ሌላ አልበም አስከተሉ፣ ጌታቸው በ2016 አረፈ። ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የተወለደ ምርጥ የሮክ አልበም የቱ ነው ለሚል ሰው የዚህ ጽሑፍ መልስ «ሞአ አንበሳ» ነው።

የአዲስ አበባው ጃኖ ባንድ ሁለተኛ ይቀመጣል። በ2012 የወጣው «ኤርታሌ» ስሙን ከአፋሩ እሳተ ገሞራ ነው የወሰደው፤ ፕሮዲዩሰሩም ቢል ላስዌል ነው። ይህን ስም ማወቅ ይጠቅማል። ላስዌል በ1983 የሄርቢ ሃንኮክን «ሮክኢት» ከሠሩት አንዱ ነው፤ የዲጄ የሸክላ ፍተጋ በዓለም ሕዝብ ጆሮ እንዲገባ ካደረጉት ሙዚቃዎች ግንባር ቀደሙ ያ ነው። በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) አልበም አዘጋጀ። ጂጂ በአዊ የምትገኘው የቻግኒ ልጅ ናት፣ አዊ ደግሞ የዋግ ወንድም ነው፤ ሁለቱም አገው ናቸው። ሂፕሆፕን፣ የአገው አገር ልጅን ድምፅና የአዲስ አበባን ሮክ ያገናኘው ያው አንድ ሰው ነው።

«ኤርታሌ» ውስጥ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ፣ ከባዱ ጊታር የአገሩን ቅኝት ሳይለቅ ይከተላቸዋል። ጊታሩ እንደ ማሲንቆ የሚያለቅስባቸው ቦታዎች ልብ ይነካሉ። ድክመትም አለው። ድምፁ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ተጨናንቆ ግጥሙን ይውጠዋል፤ ግጥም የሚሰማ አገር ውስጥ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

የፈረንሳዮቹ ኡካንዳንዝ ከድምፃዊው አስናቀ ገብረየስ ጋር የሠሩት «ይቻላል» (2012) እና «አዎ» (2016) ጠንካሮች ናቸው፤ በተለይ የአስናቀ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ ሳይሰበር መውጣቱ ያስደንቃል። የቦስተኑ ደቦ ባንድ በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም ባሳተመው በሰብ ፖፕ እህት አሳታሚ ነው። አኮርዲዮን፣ ቫዮሊንና ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው እንደ ስማቸው በደቦ ይሠራሉ። ሞቅ ያለ የሠርግ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን ትንሽ ይቀረዋል።

ወደ ራፕ ስንመጣ ነገሩ ቋንቋ ይሆናል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ቤት መምታት እጅግ ቀላል ነው፤ ሁሉንም መስመር በ«ነው» እና በ«አለ» ዘግቶ መሄድ ይቻላል፣ ብዙ ሰነፍ ራፐርም ይህንኑ ያደርጋል። ጎበዙ የሚለየው ቃሉን ሲያጠብቅና ሲያላላ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ቀሪ ጊዜን፣ ጠብቆ በዓልን ይጠራል። ምቱ የት ላይ እንዲያርፍ የሚወስነው ራፐሩ ስለሆነ፣ በአንድ ቃል ሰምም ወርቅም መያዝ ይችላል። የእንግሊዝኛ ራፐር ይህ ዕድል የለውም።

ራፐሩ ካስማሰ በ2021 ባወጣው «ማለዳ» ይህን ዕድል ከሌሎች በተሻለ ተጠቅሞበታል። የአሜሪካኖቹን ጉሮሮ አልተዋሰም፤ ሰፈር ውስጥ ቆሞ እንደሚያወጋ ሰው ረጋ ብሎ ይናገራል፣ ቃሉም ይሰማል። ከእሱ በፊት ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ብሎ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር ሲያጋባ፣ በር ከፋች ነበር። የልጅ ሚካኤል «ዛሬ ይሁን ነገ» ራፕን ወደ ብዙ ሰው ቤት አስገብቷል፤ ዜማው ግን ብዙ ጊዜ ከግጥሙ ይበልጣል።

በውጭ ያሉት ሌላ መንገድ ሄደዋል። የሲያትሉ ገብርኤል ቴዎድሮስ፣ ምክሊት ሀደሮና በርንትፌስ ኮፐርዋየር በሚል ስም በ2012 «ኧርዝባውንድ»ን ሠሩ፤ በ2089 ወደ ምድር የሚጓዙ የጠፈር መንገደኞች ታሪክ ነው፣ ድፍረቱ ያስመሰግናል። የካሊፎርኒያው ፕሮዲዩሰር ኦ ኖ በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆራርጦ ሰፋ። ናስና ዴሚያን ማርሊም በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር»ን በሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ላይ ነው የገነቡት። እነዚህ ሁሉ የቆፈሩት የአዲስ አበባን ወርቅ ነው።

የዋጉ ገና አልተነካም። የዋጉ ቋንቋ ኽምጣናም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ፕሮግራም ይሰማል፣ በሻደይ ይዘፈናል። በሰሜኑ ጦርነት ቤታቸውን ለቀው ሰቆጣ መጠለያ ውስጥ የከረሙ የፃግብጂና የአበርገሌ ወጣቶች የሚናገሩት ብዙ ነገር አላቸው። ስልክ ያለህ ልጅ፣ ዘንድሮ ሻደይ ሲወጣ የከበሮውን ምት ቅዳው፤ አውጪዋን አስፈቅደህ ድምፅዋንም ቅዳ፤ ከዚያ በኽምጣና የራስህን ግጥም ጨምርበትና አሰማን።