«ባንዱ ተጫወተ» ከማለታችን በፊት

አንደኛ ዓመት እያለሁ ለዜና አጻጻፍ ትምህርት አንድ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ሮቤ ውስጥ በተዘጋጀ የሙዚቃ ምሽት ተገኝቼ «ድምፃዊው በባንድ ታጅቦ ታዳሚውን ሲያስጨፍር አመሸ» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከዚሁ ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ አስምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፤ «ቤዝ ጊታሩን ማን ተጫወተው?»

መልስ አልነበረኝም። መድረኩ ላይ የነበረው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ላፕቶፕና ማይክ የያዘ ዘፋኝ ነው። የቤዝ ድምፅ ስለሰማሁ ብቻ ባንድ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ያልነበረ ሰው ዘገብኩ ማለት ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድነው? መድረክ ላይ የምናየው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ፕሌይባክ ነው፤ ሙዚቃው ቀድሞ ተቀርጿል፣ ዘፋኙ በላዩ ላይ ይዘፍናል፣ አንዳንዴም አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው አንድ ሰው በኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም የሚያስኬድበት ነው። ሦስተኛው ሙሉ ባንድ ነው፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሲገኝም ሳክስፎንና ትራምፔት፣ ሁሉም በሰው እጅና ትንፋሽ።

ሦስተኛው በአገራችን ትልቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች»፣ የናስ መሣሪያ ሙዚቃን በቤተ መንግሥት አስፋፉ። ቀጥሎ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ኋላ ደግሞ የግል ባንዶች በሆቴሎች ገቡ፤ ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ያስቀረፀው ከአይቤክስ ጋር ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ጨፋሪው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ከባንዱ ጋር ያድር ነበር። ከአይቤክስ የተወለደው ሮሃ ባንድም፣ እነጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ እነሰላም ሥዩም በጊታር፣ የበርካታ ዘፋኞችን ካሴት አጅቧል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ነው ወደ መድረክ የተመለሰው። እየቆየ ደግሞ ኪቦርዱ የብዙ ሙዚቀኞችን ቦታ ያዘ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላም ነገሩ የገባኝ ባለፈው ጥር ነው። ጎባ የዘመድ ሠርግ ነበረን። ሙሽራው ከአዲስ አበባ አምስት ሰው ያለው ባንድ አስመጣ፤ ሁለቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ናቸው። ምሽቱ እንደ ጎባ ብርድ ነው፣ ጋቢ የሚያስደርብ። ጊታሪስቱ ክሩ በብርዱ እየተዛባበት በየሁለት ዘፈኑ ይቃኛል። ፕሌይባክ አይበርደው!

በሞቀው ጭፈራ መሐል መብራት ጠፋ። ጊታሩም ኪቦርዱም ፀጥ አለ። ድራመሩ ግን አላቆመም። ሴቶቹ በጭብጨባ ያዙት፣ ዘፋኙ ያለ ማይክ ቀጠለ። መብራቱ ሲመጣ ሽማግሌው ቤዚስት አንዲት ምት ሳያሳልፉ ገቡ። ድንኳኑ በእልልታ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

ለእረፍት ሲወርዱ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ዘፋኙ መቼ እንደሚደግም፣ መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አፉን አላይም የኔ ልጅ፤ እግሩን ነው የማየው» አሉኝ። «እሱ ደግሞ የሚጨፍረውን ሰው ያያል። ሰዉ ካልጠገበ አንጨርስም።»

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የተቀረፀ ሙዚቃ አምስት ደቂቃ ከሆነ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰው ጨፈረም ተቀመጠም አይሰማም። ባንድ ግን ያዳምጣል፤ ያሳጥራል፣ ያስረዝማል፣ ሲሳሳትም እዚያው ያርማል።

ፕሌይባክ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጎባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የአምስት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋና የመሣሪያ ጭነት ለአዘጋጅ ይከብዳል። ግን እኛ ጋዜጠኞች ለመሆን የምንማር ነን፤ ያየነውን በስሙ መጥራት አለብን። ስለዚህ ዝግጅት ስትዘግቡ መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ። የምትሰሙትን እያንዳንዱን ድምፅ የሚያወጣውን እጅ ፈልጉ። ዘፈኑ ከካሴቱ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ጠርጥሩ። ካልገባችሁ ከመድረክ ጀርባ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ለሁለተኛ ዓመት ዘገባዬ የጎባውን ሠርግ ጻፍኩ። የአምስቱንም ስም ጠይቄ አስገብቻለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት የቤዚስቱን ነው።