ያውቁ ኖሯል? የኮኪት ሦስት ፊደላትና የኮምፒውተር ዝርዝር

• «ኮኪት» የሚለው የቦታ ስም ለኮምፒውተር የሦስት ቁጥሮች ዝርዝር ነው፦ 4782፣ 4778፣ 4725። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር አለው።

• ከእነዚህ ቁጥሮች የፊደል ገበታውን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ቁጥሩን ለ8 ያካፍሉ፣ ቀሪውን ይውሰዱ፣ 1 ይደምሩበት። ይህን ስሌት በሦስቱም ላይ ቢያስኬዱት 7፣ 3፣ 6 ይወጣል፦ «ኮ» ሳብዕ፣ «ኪ» ሣልስ፣ «ት» ሳድስ። «መተማ» ደግሞ 1፣ 1፣ 4 ትሆናለች። ዩኒኮድ ለአንድ የሆሄ ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ስለመደበ ነው እንዲህ የሚሰምረው። ስምንተኛው ቦታ በአብዛኛው እንደ «ሏ» ላሉት ዲቃላዎች ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በፊደላችን ውስጥ መኖሩ ለፕሮግራም ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው።

• አንድን ስሌት በዝርዝሩ አባላት ሁሉ ላይ የሚያስኬደው ፋንክሽን «ማፕ» ይባላል። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ሊስፕ የፕሮግራም ቋንቋ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ «ማፕሊስት» የሚባል የቅርብ ዘመዱ ይገኛል።

• ማፕ ዋናውን ዝርዝር አይነካም። የሦስት የኮኪት ገበሬዎች ሰሊጥ 12፣ 7፣ 20 ኩንታል ተብሎ ቢመዘገብና እያንዳንዱ በ100 ቢባዛ፣ 1200፣ 700፣ 2000 ኪሎ የሚል አዲስ ዝርዝር ይወጣል። የኩንታሉ መዝገብ እንደነበረ ይቆያል፤ ስሌቱ አጠራጣሪ ሲሆን ከመጀመሪያው መዝገብ ተነስቶ እንደገና ማስላት ይቻላል።

• በሃስኬል የፕሮግራም ቋንቋ ማስላትና ማተም ለየቅል ናቸው። «ማፕ ፕሪንት» ቢሉ የሚያገኙት ገና ያልተፈጸሙ የማተም ትእዛዞችን ዝርዝር ብቻ ነው፤ አንዲት መስመር እንኳ አይታተምም። ትእዛዞቹን በተራ የሚያስፈጽመው «ማፕኤም» ነው፤ ከስሙ መጨረሻ የግርጌ ሰረዝ ሲጨመርበት ደግሞ አትሞ ያበቃል፣ የማያስፈልግ የውጤት ዝርዝር አይመልስም።

• ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን 3ም ማፕን ወዲያው አያሰላም። ውጤቱን በቀጥታ ካተሙት የሚወጣው ቁጥሮቹ ሳይሆኑ የማፕ ዕቃ መሆኑን የሚገልጽ መስመር ነው። አስቀድሞ ወደ ዝርዝር (ሊስት) መለወጥ አለበት።

• ሃስኬል ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ሃስኬል ከሪ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

• በዚሁ ቋንቋ «ኮኪት» በፕሪንት ቢታተም ስሙ አይወጣም፤ ከጀርባው ያሉት 4782፣ 4778፣ 4725 በወደኋላ ሰረዝ እየተለዩ ይወጣሉ። ስህተት አይደለም፣ ፕሪንት ከእንግሊዝኛ መደበኛ ምልክቶች ውጭ ያለውን ሆሄ በቁጥር ስለሚያሳይ ነው። ስለዚህ ኮኪት፣ መተማ፣ ገንዳ ውኃ የሚሉትን የቦታ ስሞች በየመስመሩ በአማርኛ ማተም ከፈለጉ ፕሪንትን ይተዉትና «ፑት ስትር ኤልኤን» የተባለውን የማተም ትእዛዝ ከባለ ግርጌ ሰረዙ ማፕኤም ጋር ያጣምሩ።