የስልክ ጥሪ ዜማ፤ አሠራሩና አጠቃቀሙ

(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ሰው ከዐይኑ ይልቅ በጆሮው የሚረዳው ነገር ብዙ ነው። ገና ሳይነጋ በሰፈር ውስጥ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ፥ የሟቹ ስም ከመጠራቱ በፊት መርዶ መሆኑን የማያውቅ የለም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ምእመኑ የጸሎት ሰዓት መድረሱን ይረዳል። በቀድሞ ዘመንም ነጋሪት ሲጐሰም ሕዝቡ ዐዋጅ ለመስማት ይሰበሰብ ነበር። እነዚህ ሁሉ ቃል ሳይናገሩ መልእክት የሚያደርሱ ድምፆች ናቸው። በየኪሳችን የምንይዘው ተንቀሳቃሽ ስልክም እንደ እነርሱ ሊያገለግለን ይችላል፤ ዳሩ ግን አብዛኞቻችን ፋብሪካው በሰጠን ድምፅ ብቻ ስለምንጠቀም ይህ ጥቅም ይቀርብናል። ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ስለ ጥሪ ዜማ ጥቂት ለማስረዳት አሰብሁ።

የጥሪ ዜማ የምለው ብዙ ሰው «ሪንግቶን» የሚለውን ነው፤ ይኸውም ሰው ሲደውልልን ስልካችን የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህን «የጥሪ ማሳመሪያ» ከሚባለው ጋር ማምታታት አይገባም። የጥሪ ማሳመሪያን የሚሰማው ደዋዩ ነው፤ ዜማውም የሚመጣው ከቴሌ መሣሪያ ሲሆን ክፍያ አለው። የጥሪ ዜማን የሚሰማው ግን የሚደወልለት ሰው ነው። በራሱ ቀፎ ውስጥ የሚቀመጥ ስለ ሆነም ባለቤቱ እንደ ፈቀደ ያለ ክፍያ ይለውጠዋል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መስመር መዘርጋት ሲጀመር ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1991 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቀፎዎች በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያሰሙ ነበር። ወላጆቻችን በሚገባ የሚያስታውሱት የኖኪያ ዜማ፥ ስፔናዊው የጊታር ሊቅ ፍራንሲስኮ ታሬጋ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ከደረሰው «ግራን ቫልስ» ከሚባል ድርሰት የተወሰደ ነው። በኋላም ኖኪያ 3310ን የመሰሉ ቀፎዎች ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ እየተጫነ ዜማ እንዲጽፍባቸው ሆነው ተሠሩ። የዛሬ ስማርት ስልክ ግን የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ ያሰማል።

የተለየ የጥሪ ዜማ መያዝ ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እርግጥ ነው፤ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ስልክ ሲጮኽ ሦስት አራት ሰው ኪሱን ሲዳብስ እናያለን፤ የራሱ ዜማ ያለው ሰው ግን ከዚህ ድካም ይድናል። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም እንዳለው በቤታችን አይቻለሁ።

የምንኖረው በገርጂ ሲሆን አያቴም ከእኛ ጋር ናቸው። እርሳቸው ማንበብ አልተማሩም፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ከልጆቻቸው አክስቴ በቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ አጎቴ በደሴ አስተማሪ ነው፤ አባቴም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይውላል። ስልካቸው በጮኸ ቍጥር «እስኪ ማነው? እዩልኝ» ይሉ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ያነሡታል። እንደሚታወቀው ለአረጋውያን እየደወሉ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ አስቀድመው ይህን ያህል ብር ይላኩ» እያሉ የሚያታልሉ ሰዎች አሉ። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ልጃቸው አንድ አንድ ዜማ ሰጠን፤ ለአክስቴ ዋሽንት፥ ለአጎቴ ክራር፥ ለአባቴ ማሲንቆ። ስሙ ላልተመዘገበ ደዋይ ሁሉ ተራውን ደወል ተውንለት። ዛሬ አያቴ ዋሽንቱን ሲሰሙ ስልኩን ገና ሳያነሡ «መጣች ልጄ!» ይላሉ። ተራው ደወል ሲጮኽ ግን ከእኛ አንዱ እስኪመጣ ይተዉታል። ከዚህም የተነሣ የጥሪ ዜማ ማንበብ ለማይችል ሰው እንደ ፊደል የሚቈጠር መሆኑን ተረዳሁ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ሥራው በአራት ይከፈላል፤ እነርሱም መምረጥ፥ መቍረጥ፥ ማስቀመጥና መመደብ ናቸው።

ዜማ ስንመርጥ ማማሩን ብቻ ሳይሆን በስልክ መሰማቱንም ማሰብ አለብን። የስልክ ድምፅ ማጉያ በጣም ትንሽ ስለ ሆነ ወፍራም ድምፅ ለማውጣት የሚበቃ አየር አይገፋም። ስለዚህ የከበሮና የቤዝ ጊታር ድምፅ በስልክ ላይ ይጠፋል፤ 10 አውታር ያለው በገናም ግርማውን ያጣል። የሰው ጆሮ ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ የሚሰማው በሴኮንድ ከ2000 እስከ 5000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ዋሽንት፥ ክራርና እልልታ በጫጫታ መካከል ጐልተው የሚሰሙት በቀጭን ድምፃቸው ነው። ነገር ግን ሰው ሲያረጅ አስቀድሞ የሚርቀው በጣም ቀጭኑ ድምፅ ስለ ሆነ፥ ለአረጋውያን መካከለኛውን መምረጥ ይሻላል። እኛም የአያቴን ዜማዎች የመረጥነው ከእርሳቸው ጋር አንድ በአንድ እየሰማን ነው።

ሁለተኛው መቍረጥ ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖቻችን ረዥም መግቢያ አላቸው፤ ከመጀመሪያው ከተጀመረ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ጥሪው ያበቃል። ስለዚህ ድምፅ መቍረጫ ፕሮግራም ከፍቶ ዜማው ከሚጐላበት ቦታ ጀምሮ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያህል መቍረጥ ይበቃል። በቦታ ረገድም አያሳስብም፤ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 በ30 ሴኮንድ የሚይዘው 480 ኪሎባይት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማስቀመጥ ነው። የተቈረጠውን ዜማ በግልጽ ስም ሰይሞ በስልኩ በራሱ ማኅደር ውስጥ፥ «ሪንግቶንስ» በሚባለው ፎልደር ማስቀመጥ ይገባል። በሜሞሪ ካርድ ላይ ከተቀመጠ ካርዱ በወጣ ጊዜ ስልኩ ወደ ፋብሪካው ድምፅ ይመለሳል።

አራተኛው መመደብ ነው። ለሁሉም ጥሪ አንድ ዜማ የሚፈልግ ሰው ወደ ሴቲንግ ገብቶ በድምፅ ክፍል ይመርጣል። ለአንድ ሰው ብቻ ለመመደብ ግን የዚያን ሰው ስም ከስም መዝገብ ከፍቶ የጥሪ ድምፅ የሚለውን መምረጥ ነው። በአይፎን «ጋራጅባንድ» በሚባለው ፕሮግራም ሊሠራ ይቻላል፤ ርዝመቱ ግን ከ30 ሴኮንድ አይበልጥም። እንዲሁም ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚመጣ ጥሪ የራሱ ማስተካከያ ስላለው ለብቻው መሰናዳት እንዳለበት አይዘንጋ።

የራሱን ዜማ ለመድረስ የሚወድ ተማሪም አይቸገርም። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ለምሳሌ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ የሚሉትን አምስቱን ብቻ እያፈራረቁ ቢጫወቱ የትዝታ ጠባይ ያለው ዜማ ይገኛል። ክራር የሚመታ ጓደኛ ያለው ደግሞ መስኮት በተዘጋ ጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ቢቀዳው ከማንም ያልተዋሰው ዜማ ይኖረዋል።

የሰው ሥራ ስንጠቀም ሕጉንም ማወቅ ይገባናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 አንድ ሰው ታትሞ ከወጣ ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። የሌላውን ዘፈን እየቈራረጡ መሸጥ ግን የደራሲውንና የድምፃዊውን እንጀራ መንጠቅ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጠባይ ጥቂት ልበል። ዜማው የእኛ ቢሆንም የሚሰማው በአጠገባችን ያለው ሰው ሁሉ ነው። በክፍል፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በመስጊድና በሐኪም ቤት ስልክን ድምፁን አጥፍቶ በንዝረት ብቻ ማድረግ ጨዋነት ነው። በተለይ ለቅሶ ቤት ገብተን ስንቀመጥ የጭፈራ ዘፈን ከኪሳችን ቢያስተጋባ ያዘነውን ሰው ዳግመኛ ያስከፋዋል። ስለዚህ ዜማ ስንመርጥ «ይህ ባልታሰበ ቦታ ቢሰማ ያሳፍረኝ ይሆን?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን በቤታችን ወይም በጎረቤት ካሉት አረጋውያን የአንዱን ስልክ ተቀብለን፥ የልጆቻቸውን ዜማ እንዲመርጡ ጠይቀን ብናሰናዳላቸው፥ የተማርነው ትምህርት ለራሳችን ብቻ እንዳልቀረ በሥራ እናሳያለን።