አፉ ያልተዛነፈ መሮ

አንድ መሮ ስል መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም፤ የክንድ ጸጉር ከላጨ ስል ነው። ጸጉር የሚላጭ መሮ ሁሉ ግን ቀጥ ያለ ሥራ አይሠራም። ስለቱ ከመሮው ጎን ጋር 90 ዲግሪ ካልገጠመ፣ መዶሻው ባረፈ ቁጥር እንጨቱን ቀድሞ የሚነክሰው የረዘመው ማዕዘን ነው። መሮው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ለበር መጋጠሚያ የተፈለፈለው ቀዳዳ ይጣመማል፤ የሚገባበት ምላስም ወይ ይላላል ወይ አልገባም ይላል።

የመላጊያ ምላጭም እንደዚሁ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምላጭ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ አንዱ ማዕዘን ከሌላው በ0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀድማል። ለማለስለስ የተዘጋጀ መላጊያ የሚያወጣው ፍቅፋቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዱ ማዕዘን ጣውላውን ሲቦረቡር ሌላው ጨርሶ አይነካውም። መላጊያ ግን ማቃኛ አለው፦ በብረቱ መላጊያ ከምላጩ ኋላ ግራና ቀኝ የምትሄደው ዘንግ፣ በእንጨቱ ደግሞ በምላጩ ጎን የሚያርፍ ቀላል የመዶሻ ምት ትንሿን መዛነፍ ያስተካክላል። መሮ እንዲህ ያለ ማቃኛ የለውም፤ ጥንቃቄውም ሊበዛ የሚገባው በእሱ ላይ ነው።

ስለት እንዲዛነፍ የሚያደርጉት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጣት ነው። አንዱ ጣት ከሌላው ጠንክሮ ከተጫነ፣ የተጫነበት ወገን ቶሎ ያልቃል፤ ጠባብ መሮ ደግሞ በቀላሉ ይንጋደዳል። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። ሁልጊዜ መሃሉ ብቻ የሚታሸት መሳያ ድንጋይ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት አያወጣም። ድንጋዩን ለማቃናት በእርሳስ መስመር አስምሩበትና በወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ላይ እሹት። መስመሩ ከመሃልም ከዳርም ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል።

ለመፈተሽ የሚያገለግለው ስኳድራ ነው። ወፍራሙን ክንድ ከመሮው ጎን ጋር አስጠጉ፤ ቀጭኑን በጠፍጣፋው ጀርባ ላይ ከስለቱ አጠገብ አሳርፉና ወደ ብርሃን አዙሩት። ስለቱ ከስኳድራው ጋር እኩል ካልሄደ ክፍተቱ ወዲያው ይታያል። አንዳንድ መሮ ጎንና ጎኑ እኩል ስለማይሄድ ከሁለቱም ወገን መለካት ያስፈልጋል፤ ልኬቱ ከተለያየ መሃሉን ያዙ።

መዛነፉ ጥቂት ከሆነ ጣታችሁን በረዘመው ማዕዘን ላይ ጫን አድርጋችሁ ዐሥር ጊዜ ያህል ሳሉና እንደገና ለኩ። ብዙ ከሆነ ግን በድንጋይ አትድከሙ። በስኳድራ እየተመራችሁ በጀርባው ላይ ቀጭን መስመር ጫሩ፤ ከዚያም የመሮውን አፍ ቀጥ አድርጋችሁ ወደሚሽከረከረው ድንጋይ በማስጠጋት እስከ መስመሩ ድረስ አደንዙት። ስል የነበረውን ማደንዘዝ ያሳሳል፤ ነገር ግን አፉ ላይ የሚቀረው የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ መስመር ከዚህ በኋላ መሪያችሁ ነው። ተዳፋቱን በ25 ዲግሪ ስትሞርዱ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሳሳት አለበት። በግራ ቶሎ ከሳሳ ወደ ቀኝ ተጫኑ። እንደ ጸጉር ሲቀጥን አቁሙ። በየመሃሉም ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬውን አጥቷል።

የቀረው በመሳያ ድንጋይ ላይ በ30 ዲግሪ መጨረስ ነው። በጀርባው በኩል በጣት ስትዳሰስ የምትሻክር ትርፍ ብረት ከዳር እስከ ዳር ስትወጣ፣ ጀርባውን በድንጋዩ ላይ አስተኝታችሁ አንሷት።

ሻካራውን ጣውላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልገው መላጊያ ምላጩ ሆን ተብሎ ጎበጥ ይደረጋል፤ የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ለመጋጠሚያ የሚያገለግል መሮ ግን ቀጥ ማለት አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መሮ ከመሳላችሁ በፊት ድንጋዩን አቃኑ፤ ከሳላችሁ በኋላ ደግሞ ጸጉር ከመላጨታችሁ በፊት ስኳድራውን አንሱ።