ኢሽቱፋዶ፦ በፖርቶና በማዴይራ ወይን የሚበስል የበሬ ሥጋ

ፖርቱጋሎች «ኢሽቱፋዶ» የሚሉት የሥጋ አበሳሰል፣ ጠንካራ የበሬ ሥጋ በትልቁ ተቆርጦ ላዩ በዘይት ከተጠበሰ በኋላ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ፈሳሽ ተጨምሮበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ድስት ውስጥ ለሰዓታት በዝግታ የሚበስልበት ዘዴ ነው። ፈሳሹ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ ስለማይሸፍነው አበሳሰሉ ከቅቅል ይለያል፤ የሥጋው ታችኛው ክፍል በመረቅ፣ ላይኛው ደግሞ በታፈነ እንፋሎት ስለሚበስል ከጥብስም ጋር አይመደብም። ለዚህ ዓይነቱ ምግብ ተራ የገበታ ወይን የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። የተጠናከረ ወይን፣ ማለትም ፖርቶ ወይም ማዴይራ ሲገባበት ግን የምግቡ ጠባይ ከሥሩ ይለወጣል፤ አብሳዩም ወይኑን እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ቅመም መቁጠር ይኖርበታል።

የተጠናከረ ወይን የሚባለው ከወይን የተነጠረ ብርቱ አረቄ የተጨመረበት ወይን ነው። ፖርቶ የሚሠራው በሰሜን ፖርቱጋል፣ በዶሩ ወንዝ ሸለቆ ከሚበቅል ወይን ሲሆን፣ ጭማቂው ገና በመብላላት ላይ ሳለ፣ ከስኳሩ ግማሽ ያህሉ ወደ አልኮል እንደተለወጠ፣ 77 ከመቶ አልኮል ያለው አረቄ ይገባበታል፤ እርሾው ይህን ጥንካሬ ስለማይቋቋም መብላላቱ በዚያው ይቆምና ያልተለወጠው ስኳር በወይኑ ውስጥ ይቀራል። በዚህም የተነሣ ፖርቶ በአብዛኛው ከ19 እስከ 22 ከመቶ አልኮል ያለው ጣፋጭ ወይን ሆኖ ይወጣል። አረቄ መጨመር በመጀመሪያ የተለመደው ወይኑ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር እንዳይበላሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1703 የተፈረመው የሜቱዌን ውል የፖርቱጋል ወይን ከፈረንሳዩ ያነሰ ቀረጥ እንዲከፈልበት ስላደረገ ንግዱ እየሰፋ ሄደ፤ ከንግዱ ጋርም ቀለምና ጣፋጭነት በሌላ ፍሬ ጭማቂ የተጨመረለት ሐሰተኛ ፖርቶ በዛ። በኋላ ማርኬስ ደ ፖምባል በመባል የታወቀው የፖርቱጋል ሚኒስትር በ1756 የዶሩን የወይን ምድር በሕግ ያስከለለው ይህን ለማስቆም ነበር፤ ክልሉም በሕግ ከተከለሉት የዓለም የወይን ምድሮች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የማዴይራ ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኘው የማዴይራ ደሴት ወደ አሜሪካና ወደ ሕንድ የሚጓዙ መርከቦች ስንቅ የሚይዙባት ወደብ ነበረች፤ ከዚያ የተጫነው ወይን በሐሩር ባሕር ላይ ለወራት ሲሞቅና ሲናጥ ከርሞ ሲቀመስ፣ ይበላሻል ሲባል ተሽሎ ተገኘ። ነጋዴዎቹ ይህን ከተረዱ በኋላ በርሜሎችን ሆን ብለው በሐሩር ባሕር አዙረው ማስመለስ ጀመሩ። ዛሬ መርከቡን የተኩት ሁለት ዘዴዎች ናቸው፤ አንደኛው ወይኑን በገንዳ ውስጥ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ቢያንስ ለ3 ወር ማቆየት ሲሆን፣ ሁለተኛውና የተሻለ ወይን የሚያስገኘው በርሜሉን ፀሐይ በሚያሞቀው የጣሪያ ሥር ክፍል ለዓመታት ማኖር ነው። ሌላውን ወይን የሚያበላሹት ሙቀትና አየር ማዴይራን ስለሠሩት፣ በድስት ውስጥ የሚጠብቀው መከራ ለእርሱ አዲስ አይሆንበትም።

የፖርቱጋል ማእድ ቤት ሥጋን ከወይን ጋር ማገናኘት የለመደው ከእነዚህ ሁለት ወይኖች ውጭም ነው። ከአዞረስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቴርሴይራ፣ «አልካትራ» የሚባለው የበሬ ሥጋ ባልተለበጠ የሸክላ ድስት ውስጥ በወይን፣ በሽንኩርት፣ በአሳማ ስብና በቅመም ቀስ ብሎ ይበስልና በመንፈስ ቅዱስ በዓል ከጣፋጭ ዳቦ ጋር ይቀርባል። በነጭ ሽንኩርት፣ በወይንና በኮምጣጤ ሥጋን የመዘፍዘፍ የፖርቱጋሎች ልማድ ደግሞ ከመርከበኞቻቸው ጋር ወደ ጎዋ ተሻግሮ፣ ሕንዶች በቅመም አበልጽገው ቪንዳሉ የሚሉትን ወጥ አስገኝቷል። በእነዚህ ምግቦች ውስጥ የአሳማ ስብ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ይህን የማይበላ ቤተሰብ በበሬ ስብ ወይም በወይራ ዘይት ቢተካው ኢሽቱፋዶው የሚጎድልበት ጥቂት ነገር ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የወይኑ መጠን ነው። አንድ ሊትር ፖርቶ 100 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ፣ ግማሽ ሊትር በድስት ውስጥ ያፈሰሰ ሰው ሳያውቀው 50 ግራም ስኳር ጨምሯል ማለት ነው፤ መረቁ በእሳት ላይ ሲመናመን ስኳሩ አብሮ ስለማይተን፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከወጥ ይልቅ ወደ ማርማላታ የሚያደላ ነገር ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ 250 ሚሊ ሊትር ፖርቶ ይበቃል፤ የቀረው ፈሳሽ ጨው የሌለበት የሥጋ መረቅ መሆን አለበት፤ ጣፋጭነቱን የሚያርቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይን ኮምጣጤም ያስፈልገዋል። ማዴይራ በተፈጥሮው ኮምጠጥ ያለ በመሆኑ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ዓይነቶቹ በወይኑ ዘር ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ ሰርሲያል ጣፋጭነቱ ዝቅተኛ፣ ማልቫዚያ እጅግ ጣፋጭ፣ ቬርዴልዮና ቡዋል በመካከል ናቸው፤ ለበሬ ሥጋ የሚመረጡትም እነዚህ መካከለኞቹ ናቸው። ከፖርቶ ደግሞ ቀዩ ሩቢ ለመረቁ ቀለምና የፍራፍሬ ጣዕም ሲሰጥ፣ በበርሜል የቆየው ቶኒ የለውዝ ጣዕም ያመጣል። ለዓመታት በጠርሙስ የከረመ ውድ ፖርቶ ድስት ውስጥ መጨመር ግን ገንዘብ ከማባከን አይለይም፤ ያ ሁሉ ረቂቅ ሽታ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አያልፍምና።

ሥጋው ከባድ ሥራ ሲሠራ ከኖረ የበሬው አካል፣ ማለትም ከወርች፣ ከፍሪምባ ወይም ከአንገት የተቆረጠ መሆን ይገባዋል። እነዚህ ክፍሎች የሥጋን ጭረት ከጭረት የሚያያይዝ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በብዛት ይይዛሉ፤ ኮላጅን ጥሬውን የማይታኘክ ቢሆንም፣ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ወደ ጄላቲን፣ ማለትም መረቁን ወደሚያወፍርና ከንፈር ላይ ወደሚጣበቅ ለስላሳ ነገር ይለወጣል። በዚያው ሙቀት የሥጋው ጭረት ራሱ ውኃውን እየጨመቀ ይደርቃል፤ ያ ድርቀት እንዳይታወቅ የሚያደርገው የቀለጠው ጄላቲን ነው። ሽንጥን የመሰለ ለስላሳና ኮላጅኑ ያነሰ ሥጋ ለኢሽቱፋዶ ማዋል ሁለት ጊዜ መክሰር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ሲበስልም እንደ ገመድ ይደርቃል።

አሠራሩ የሚጀምረው ሥጋውን ከዋዜማው ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ቀብቶ በማሳደር ነው። ጨው በአንድ ሌሊት ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የወይንና የቅመም ጣዕም ግን ከላይኛው ገጽ እምብዛም ስለማያልፍ፣ ሥጋውን በውድ ወይን ዘፍዝፎ ማሳደር ጥቅሙ አነስተኛ ነው። በማግስቱ ሥጋው በጨርቅ ደርቆ ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት ውስጥ በወይራ ዘይት በሁሉም በኩል እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ ይህን ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚሰጠው የፕሮቲንና የስኳር ውሕደት ከ140 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ስለሚፋጠን፣ እርጥብ ሥጋ ወይም ድስት ውስጥ የተጨናነቀ ሥጋ ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ሥጋው ወጥቶ በዚያው ዘይት ሁለት የተከተፉ ሽንኩርቶችና አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በመጠነኛ እሳት እስኪልሙ ይበስላሉ፤ ይህን መነሻ ፖርቱጋሎች «ሬፎጋዶ» ይሉታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከቁሌት ጋር ቢያመሳስለው አይሳሳትም፤ ልዩነቱ ሽንኩርቱ ከመጀመሪያው በዘይት መግባቱና የሚታከልበት በርበሬ የማያቃጥለው ፓፕሪካ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ወይኑ ይፈስሳል። ይህ ደረጃ በችኮላ መታለፍ የለበትም፤ የድስቱ መቀመጫ ላይ የተጣበቀው ጥብስ በእንጨት ማንኪያ እየተፋቀ ወይኑ ክዳን በሌለው ድስት ግማሽ እስኪሆን ድረስ መፍላት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ጥሬው የአልኮል ሽታ እስከ ገበታ ይከተላል። ከዚያ ሥጋው ይመለሳል፤ እስከ ወገቡ የሚደርስ መረቅ፣ ቤይ ሊፍ የሚባለው ደረቅ ቅጠል ሁለት ፍሬና ጥቂት ቅርንፉድ ታክሎበት ይከደናል። በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ የመጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ምድጃ ከሌለ ዝቅ ባለ እሳት ላይ፣ መረቁ አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ እያለ ቢበስል ውጤቱ ያው ነው። ሥጋው መብሰሉ የሚታወቀው ሹካ ያለ ኃይል ሲገባበት ነው፤ ከዚያ በፊት ጠንክሮ ቢገኝ ከመጠን በላይ በስሏል ብሎ ማውጣት የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ መፍትሔው ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ነው።

የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ ላይ አንድ ነገር ማሰብ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በሊዝበን ሦስት ሰዓት የሚበቃው ሥጋ በዚህ እስከ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። ፕሬሸር ኩከር ጊዜውን ያሳጥራል፤ ነገር ግን እንፋሎቱን ስለሚያፍን ወይኑ አስቀድሞ በደንብ መመናመን ይኖርበታል።

አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ይተናል የሚለው የተለመደ አባባል እውነት አይደለም። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢፈላም ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ከተጨመረው አልኮል ውስጥ ከአንድ ሰዓት ማብሰል በኋላ 25 ከመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 ከመቶ ያህሉ ይቀራል። አልኮል በሃይማኖት ወይም በሕመም ምክንያት የተከለከለበት እንግዳ ካለ አስተናጋጁ ይህን ሊደብቀው አይገባም። የቀይ ወይን ፍሬ ጭማቂ ከመረቅና ከኮምጣጤ ጋር ተቀላቅሎ ጥሩ ምግብ ይወጣዋል፤ ኢሽቱፋዶ ግን አይሆንም።

ምግቡ በበሰለበት ቀን ከመበላቱ ይልቅ ቢያድር ይሻላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ስቡ ከላይ ስለሚረጋ በቀላሉ ይገፈፋል፤ የቀዘቀዘ ሥጋም ሳይፈራርስ ይቆረጣል፤ መረቁ ለብቻው ሞቆና ተመናምኖ ከወፈረ በኋላ በቁራጮቹ ላይ ይፈስሳል። ጨው የሚስተካከለው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተጨመረ ጨው መረቁ ሲመናመን ያይላልና። ፖርቱጋሎች ከተጠበሰ ትንንሽ ድንች ወይም ከሩዝ ጋር ያቀርቡታል።

ከሁለቱ ወይኖች አንዱን ብቻ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ወይን ለማይዘወተርበት ቤት የሚሻለው ማዴይራ ነው፤ ሩቢ ፖርቶ ከተከፈተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጣዕሙን ሲያጣ፣ የተከፈተ ማዴይራ ግን ቡሹ ተመልሶ ከተደፈነ ለወራት ሳይበላሽ ለሚቀጥለው ድስት ይቆያል።