በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው የሕንጻ ቁመት ስለ መወሰኑ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በበዙ ቍጥር ቤት መጨመር ግድ ይሆንበታል። ቤት ለመጨመር ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ወደ ጎን መስፋት፥ ወይ ወደ ላይ መውጣት። መሬት ያለቀበት ዩኒቨርሲቲ ወደ ጎን ሊሰፋ አይችልምና ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣል። ነገር ግን ወደ ላይ የሚወጣ ሕንጻ የባለቤቱን ችግር ሲያቃልል የጎረቤቱን ብርሃንና የከተማውን መልክ ይነካል። ስለዚህ በብዙ አገር «ሕንጻ ከዚህ ቁመት አይለፍ» የሚል ደንብ ወጥቷል።

የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ደንብ በምን እንደሚለካ፥ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚያስከፍል ለመግለጽ ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት በእንግሊዝ አገር ያለውን የኦክስፎርድን ከተማ ነው። ኦክስፎርድ እንደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ አጥር የተከለለ ግቢ የለውም። ኮሌጆቹ፥ ቤተ መጻሕፍቱና የምርምር ክፍሎቹ በከተማው ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት የከተማው የቁመት ደንብና የዩኒቨርሲቲው የቁመት ደንብ አንድ ነገር ነው ለማለት ይቻላል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ስለ ከተማው አቀማመጥ

የኦክስፎርድ አሮጌው ከተማ በቴምዝና በቸርዌል ወንዞች መካከል ባለ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ የተሠራ ነው። በምሥራቅ በኩል የሄዲንግተንና የሾቶቨር ኮረብታዎች፥ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በኩል የሂንክሲና የቦርስ ሂል ኮረብታዎች ከበውታል። ስለዚህ ከኮረብታዎቹ በአንዱ ላይ የቆመ ሰው ከተማውን በሙሉ ከበላይ ሆኖ ያየዋል። የሚያየውም ጣሪያውን ሁሉ ዝቅ ብሎ፥ ከጣሪያው መካከል ጥቂት ግንቦችና ጉልላቶች ብቻ ብቅ ብለው ነው። ከነዚህም ዋና ዋናዎቹ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ግንብ፥ በ1509 የተፈጸመውና 44 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የማግዳሌን ኮሌጅ ግንብ፥ ክርስቶፈር ሬን ያቀደውና በ1682 ያለቀው ቶም ታወር፥ እንዲሁም በጄምስ ጊብስ ፕላን ተሠርቶ በ1749 የተከፈተው የራድክሊፍ ካሜራ ጉልላት ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እነዚህ ሕንጻዎች የሚታዩት ረጃጅም ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ አጭር ስለ ሆነም ጭምር ነው። እኔ አዳሪ ሆኜ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የደወል ማማ ነበረ። ማማው በራሱ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን በዙሪያው ከጎጆና ከባሕር ዛፍ በቀር ሌላ ስላልነበረ መንገደኛ ሁሉ በእርሱ አቅጣጫውን ይለይ ነበር። ከጎኑ ባለ አራት ፎቅ ቤት ቢቆም ማማው አንድ ክንድ ሳያጥር ከዓይን ይጠፋ ነበር። የኦክስፎርድም ነገር እንዲሁ ነው።

ለ. ደንቡ በምን ይለካል?

በእንግሊዝ አገር በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ማንም ሰው አዲስ ሕንጻ ለመሥራት ሲፈልግ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ እንዲያገኝ አዘዘ። ዩኒቨርሲቲውም ዕድሜው የቱንም ያህል ቢረዝም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት በየአገሩ የፎቅ ቤት መሥራት እየበረታ በሄደ ጊዜ የከተማው ምክር ቤት ስለ ረጃጅም ሕንጻዎች ደንብ አወጣ።

የደንቡ መነሻ ካርፋክስ የሚባለው የመስቀለኛ መንገድ ነው። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን ባለ አራት መንታ ማለት ነው። በዚያ ስፍራ የነበረው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን መንገዱን ለማስፋት በ1896 ሲፈርስ 23 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግንቡ ብቻ ቀርቷል። ከካርፋክስ ተነሥቶ በ1,200 ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ስፍራ ሁሉ በደንቡ ይጠቃለላል። ይህም 4.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ክብ ውስጥ የተወሰነው ልክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመሬት እስከ ጣሪያ 18.2 ሜትር፥ ሁለተኛው ከባሕር ወለል በላይ 79.3 ሜትር ነው። ከሁለቱ ዝቅተኛ የሆነው ይጸናል።

ብዙ ሰዎች «በኦክስፎርድ ከካርፋክስ ግንብ የሚበልጥ ቤት አይሠራም» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ከላይ እንደ ተመለከተው የደንቡ ልክ ከግንቡ ቁመት ወደ 5 ሜትር ያህል ያንሳል።

ልኩ ሁለት ዓይነት መሆኑ ምክንያት አለው። አንባቢ የኛን ከተማ ያስብ። ስድስት ኪሎ ከአራት ኪሎ ከፍ ያለ ስፍራ ነው። ስለዚህ በስድስት ኪሎ ያለ አጭር ቤት ጣሪያው በአራት ኪሎ ካለ ረጅም ቤት ጣሪያ በላይ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የሚታየው ቤቱ ከመሬቱ ምን ያህል እንደ ረዘመ ሳይሆን ጣሪያው የት እንደ ደረሰ ነው። በመሆኑም ከ79.3 ላይ 18.2 ቢቀነስ 61.1 ሜትር ይቀራል። የቤቱ መሬት ከባሕር ወለል በላይ 61.1 ሜትር ከሆነ ሁለቱ ልኮች እኩል ናቸው። መሬቱ 64 ሜትር ላይ ቢሆን ግን ሠሪው የሚፈቀድለት 15.3 ሜትር ብቻ ነው። መሬቱ 57 ሜትር ላይ ቢሆን ደግሞ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ አይጨመርለትም፤ ያው 18.2 ሜትር ይሆናል።

ሐ. ደንቡ የሚያስከፍለው ዋጋ

18.2 ሜትር በፎቅ ሲቆጠር ስንት ይሆናል? ለመኖሪያ ቤት አንዱን ፎቅ ከነወለሉ 3.5 ሜትር ብንለው አምስት ፎቅ 17.5 ሜትር ይሆናል፤ ለጣሪያ የሚተርፈው 0.7 ሜትር ነው። ለቤተ ሙከራ ግን የአየርና የውሃ ቧንቧዎች፥ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የጢስ ማውጫዎች ከጣሪያው ሥር ማለፍ አለባቸውና አንዱ ፎቅ 4.5 ሜትር ቢፈጅ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲያው በዚያው ቁመት የሚገኘው አራት ፎቅ ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው ደንቡ ለሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሸክሙ ግን አንድ አለመሆኑን ነው። የታሪክ መምህር በአምስት ፎቅ የሚያገኘውን ስፋት የኬሚስትሪ መምህር አያገኝም።

ሁለተኛው ዋጋ የኪራይ ነው። በከተማው መካከል ቤት ወደ ላይ ካልወጣና ከከተማው ውጭ ያለው መሬት በሌላ ሕግ ከተከለለ የመኖሪያ ክፍሎች ቍጥር ያንሳል፤ ያነሰ ነገር ደግሞ ይወደዳል። ኦክስፎርድ በእንግሊዝ አገር ቤት ከሚወደድባቸው ከተሞች አንዱ ነው። የዚህ ምክንያት የቁመቱ ደንብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ደንቡ የለበትም ማለትም አይቻልም። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ግንቦቹን የሚያደንቀው ሰው ስለ እይታው የሚከፍለው የለም፤ ከሚከፍሉት አንዱ ከግንቡ ሥር ክፍል ለመከራየት የሚፈልገው ተማሪ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ የመልክ ነው። ቁመት ሲከለከል ውፍረት ይመጣል። በ1962 ለእንስሳት ጥናት ክፍል ከ20 ፎቅ በላይ የሆነ ሕንጻ እንዲሠራ አሳብ ቀርቦ ነበር፤ ኮንግሪጌሽን የሚባለው የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጉባኤ ግን አሳቡን ጣለው። በምትኩ በሌስሊ ማርቲን ፕላን ተሠርቶ በ1971 የተከፈተው፥ ኋላም ቲንበርገን የተባለው ሕንጻ ዝቅ ያለ ነገር ግን በጣም ሰፊና ግዙፍ ሆነ። የሰማዩን መስመር ባይሰብርም በአጠገቡ ለሚያልፍ ሰው ደስ የሚያሰኝ አልነበረም ብለው ብዙዎች ነቅፈውታል። ይህ ሕንጻ አስቤስቶስ ስለ ተገኘበት በ2017 ተዘግቶ በኋላ ፈርሷል። እንግዲህ አጭር መሆን ብቻውን መልካም ሕንጻ አያደርግም።

መ. ክብ መስመሩ ብቻውን ስለ ምን አይበቃም?

የከተማው ምክር ቤት ከክቡ ሌላ አሥር የእይታ መስመሮችን ለይቶ አስጠብቋል። እያንዳንዱ ከአንድ የታወቀ ስፍራ፥ ለምሳሌ ከኮረብታ ላይ፥ ተነሥቶ ወደ ከተማው መካከል የሚሄድ ሽብልቅ የመሰለ ክልል ነው። ይህ ለምን እንዳስፈለገ በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል።

45 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ ከተመልካቹ 1,500 ሜትር ይርቃል እንበል። መሬቱ ሁሉ ሜዳ ነው፤ የተመልካቹንም የራሱን ቁመት እንተወው። ከተመልካቹ 500 ሜትር ርቆ፥ ማለት በርቀቱ ሲሶ ላይ፥ ሌላ ሕንጻ ቢሠራ ግንቡን እስከ ጫፉ ለመሸፈን የሚበቃው የ45 ሲሶ ነው። ይህም 15 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ከክቡ ውጭ ያለ፥ ቁመቱም ከ18.2 ሜትር በታች የሆነ ቤት ግንቡን ሙሉ በሙሉ ሊሰውረው ይችላል። ለተመልካቹ በቀረበ መጠን የሚከልለው ይበዛልና።

ሠ. የካስል ሚል ነገር

ይህ በሒሳብ የተነገረው በሥራ የታየው በፖርት ሜዶ ነው። ፖርት ሜዶ ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ በቴምዝ ዳር ያለ፥ ፈረስና ከብት የሚሰማራበት ሰፊ የጋራ ግጦሽ ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት የከተማው ግንቦች፥ ከነዚያም መካከል በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የቅዱስ በርናባስ ቤተ ክርስቲያን የደወል ግንብ፥ ከዛፎቹ በላይ ይታዩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ2012 የከተማውን ፈቃድ አግኝቶ በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካስል ሚል የተባሉትን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መኖሪያ ቤቶች አሠራ። ቤቶቹ አራትና አምስት ፎቅ ናቸው። ሲያልቁ ግን ከሜዳው የነበረውን እይታ ከለሉት።

ከዚያ በኋላ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የሕንጻው በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ ሊጠና ይገባው ነበር ተባለ። ጥናቱ የተደረገው በ2014፥ ቤቶቹ ካለቁና ተማሪዎች ከገቡባቸው በኋላ ሲሆን በእይታው ላይ ጉዳት መድረሱን አረጋገጠ። በየካቲት 2015 «የላይኛው ፎቅ ይፍረስ» የሚል አሳብ ለኮንግሪጌሽን ቀርቦ 210 ሰዎች ሲደግፉት 536 ሰዎች ተቃወሙት። ፎቁ እንዳለ ቀረ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። አንደኛው ወገን «ይህ እይታ የማንም አይደለም፤ የሁሉ ነው፤ ያበላሸው ያስተካክል» አለ። ሁለተኛው ወገን «ሰው የሚኖርበትን ቤት አፍርሶ፥ ለትምህርት ሊውል የሚገባውን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሰማይ መግዛት አይገባም» አለ። እኔ በጉባኤው ብቀመጥ ኖሮ ከብዙዎቹ ጋር ድምፅ እሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ደስ ብሎኝ አልነበረም። ጥፋቱ የተፈጸመው በ2015 ሳይሆን መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነውና።

ረ. ማጠቃለያ

በ2020 የጸደቀው የከተማው ፕላን ልኩን ባይለውጥም አነጋገሩን አለዘበ። ከ18.2 ሜትር የሚያልፍ ሕንጻ ግዝፈቱ የተወሰነ፥ አሠራሩም እጅግ የተመረጠ መሆን አለበት ይላል። ይህም ከላይ ከተመለከትነው ጋር ይስማማል፤ ቀጭን ግንብ ከፍ ቢል ሰማዩን አይዘጋም፥ ወፍራም ሕንጻ ግን ጥቂት ሜትር ቢያልፍ ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ የተገነዘብሁትን በሦስት ነገር እደመድማለሁ። አንደኛ፥ የቁመት ደንብ ከየት እስከ የት እንደሚለካ በግልጽ ካልተጻፈ ደንብ አይባልም። ሁለተኛ፥ ደንቡን የሚያወጡ ሰዎች የሚጠብቁትን እይታ ብቻ ሳይሆን በደንቡ ምክንያት የሚጎድለውን ክፍል ቆጥረው፥ ያ ክፍል ሌላ የት እንደሚሠራ አብረው መናገር አለባቸው። ይህን ካላደረጉ የውበቱን ዋጋ ቤት ለሌለው ያስከፍላሉ። ሦስተኛ፥ መለካት የሚገባው ከመሥራት በፊት ነው። በታሰበው ስፍራ ላይ በልኩ ከፍታ እንጨት ወይም ፊኛ አቁሞ ከሩቅ መመልከት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተሠራን ፎቅ ማፍረስ ግን የብዙ ወራት ሥራና የብዙ ገንዘብ ኪሳራ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከትምህርት ክፍል ወጥተን በደጁ ስንቆም ወደ እንጦጦ የምንመለከት እኛም፥ ያ ተራራ እስከ መቼ እንደሚታየን ብንጠይቅ መልካም ነው። የምንተኛበት ክፍል የሚጠበን እኛው ስለ ሆንን ጥያቄውን ከሁለቱም ወገን ማየት አይቸግረንም።